በቀይ ቀለም ቁጥር ስለተጻፈባት ራም የቀረበ ምስጋና

ቀን፦ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ዲላ

ለክቡር አቶ ኃይለኢየሱስ፣
የቡና ማሳ ልየታ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን ድጋፍ ምስጋና ስለማቅረብ፣ እግረ መንገዱንም እናቴን ስለማፈላለግ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ከበሩ የጥበቃ ቤት ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ፎቅ አዳራሽ ድረስ ያሉት ሠራተኞችዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ባለፈው በስብሰባው ላይ ንግግርዎን ደጋግሞ ሲያቋርጥብዎ የነበረው ጉንፋን ለቆዎት፣ ድምፅዎም ወደ ቀድሞው ኃይሉ ተመልሶ እንደሚሆን ተስፋዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ከመስከረም ማለቂያ ወዲህ ምንም አይሰማኝም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ስልክ ሲጠራ አነሳለሁ። አልተናደድኩም፣ አላለቀስኩምም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ አንዳንድ ቦታ ላይ በቁጣ የተጻፈ ከመሰለዎት፣ እባክዎን እንደዚያ አይውሰዱብኝ፤ ለቁጣ የሚሆን አቅም የለኝም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ኤልቤቴል ጅግሶ እባላለሁ። ዲላ መናኸሪያው አጠገብ ከአንድ ክፍል የማትበልጥ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ተወልጄ ያደግኩት ግን ኮንጋ ነው፤ እናቴ ወይዘሮ መንበረ ዛሬም እዚያው ናት። የኮንጋ ሰፈራችን ትንሽ የገበሬዎች ማኅበር የሁለት መቶ አሥራ አራት አባላቱን ማሳ በካርታ እንዳነሳለት ሥራውን ለእኔ የሰጠኝ ካርታ ተምሬ ሳይሆን፣ ኮምፒውተር ያለው ሌላ ልጅ ስለሌለው ነው። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ቡናችንን የሚገዙት የውጭ ሰዎች፣ ቡናው ደን ተመንጥሮ የተተከለ አለመሆኑን ማየት ስለሚፈልጉ፣ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ከየት እስከ የት እንደሆነ በካርታ ላይ መታየት አለበት። ካርታው ላይ የሌለ ገበሬ እሸት ቡናውን ተሸክሞ ወደ ቡና ማጠቢያው ቢመጣ አይመዘንለትም። ካርታውን የሚቀበለው፣ የሚያጸድቀውና የሚያትመው ደግሞ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። እኔም በየካቲትና በመጋቢት የረገጥኩትን ወሰን እየመዘገበ የሚሄድ ስልኬን ይዤ፣ የሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ማሳ ዙሪያ በእግሬ ዞርኩ።

ኮምፒውተሬ ከሱቅ በካርቶን ታሽጋ የመጣች አይደለችም። ከእኔ ቤት ማዶ ኮምፒውተር የሚጠግነው አሚንና እኔ ነን የገጠምናት። ኬዟ፣ ማለት ሳጥኗ፣ ሥራ ካቆመ ኢንተርኔት ቤት፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ማዘርቦርዷ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ፣ በሕፃን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ፤ ፓወር ሰፕላይዋ ከአሚን መደርደሪያ ተገኘ። ሦስት ዓመት እህ ሳትል ሠርታለች። የጎደላት አንድ ነገር ነበር፤ ራም። ራም ማለት ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ሁሉ ዘርግቶ የሚይዝባት፣ ከእስክሪብቶ ትንሽ የምታጥር ስስ ሰሌዳ ናት። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ካርታ እንደማይዘረጋ ሁሉ፣ እኔ በነበረችኝ አንድ ራም የሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ማሳ ባንድ ላይ አይከፈትም። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ካርታው ተከፋፍሎ ከመጣ አልቀበልም፣ ባንድ ፋይል ተጠቃሎ ይምጣ ብሏል። ስለዚህ ማኅበሩ ሁለተኛ ራም እንዲሰጠው በደብዳቤ ለመነ፣ እርስዎም ሰጡ። ዛሬ ለማመስገን የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር ያለው ነገር በእርስዎ ቤት ምን ያህል እንደሚከበር በዓይኔ አይቻለሁና።

፩. ስለ ርክክቡ።

በጀት ዓመቱ ሊዘጋ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ለማኅበራችን ሊቀ መንበር ለአቶ አማኑ የደረሳቸው ደብዳቤ «የቴክኖሎጂ ቁሳቁስ ድጋፍ ስለሚደረግላችሁ ተገኝታችሁ እንድትረከቡ» የሚል ነበር። አቶ አማኑ ቁሳቁስ የሚለውን ቃል አይተው፣ ከይርጋጨፌ አንድ አይሱዙ መኪና ተከራይተው፣ አራት ጎበዝ ጎበዝ ሸካሚ ጭነው ዲላ ገቡ። አዳራሹ በባነር አሸብርቆ፣ በየወንበሩ ፊት የታሸገ ውሃና ብስኩት ተደርድሮ ጠበቃቸው። እርስዎ ቡናችንን ወደ ዲጂታል ዘመን ስለማሻገር አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያም ራሟን በቀይ ጨርቅ ከተሸፈነ ትሪ ላይ አንስተው በሁለት እጅዎ ሰጧቸው። አቶ አማኑ «የቀረውስ?» የሚሉ ይመስል ትሪውን አየት አድርገው ተቀበሉ፤ ፎቶ ተነሡ፤ ራሟን በሸሚዛቸው ኪስ ከተው ወጡ። አራቱ ሸካሚዎች ብስኩቱን በልተው፣ ባዶውን አይሱዙ ይዘው ተመለሱ። የመኪናውን ኪራይ አሁን አላነሳም። አቶ አማኑ ግን እስካሁን በኮንጋ መንገድ ላይ ሲያልፉ፣ ምን ተሸከምክ አማኑ የሚላቸው ሰው አይጠፋምና፣ ያንን ብቻ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

፪. ስለ ቁጥሩ።

ከርክክቡ በፊት የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሥርጉት፣ ወንበሩም ጠረጴዛውም መጥረጊያውም ላይ እንደሚያደርጉት፣ የንብረት መለያ ቁጥር በቀይ የዘይት ቀለም ጽፈውባታል። ቁጥሩ ከነስላሹ አሥራ ዘጠኝ ፊደልና አኃዝ ነው፤ ራሟ ደግሞ ከእስክሪብቶ ታንሳለች። ወይዘሮ ሥርጉት ግን ደግ ሰው ናቸው፣ እጃቸውም የሰለጠነ ነው፤ ቁጥሩን አንድም ሳያስቀሩ አስፍረው፣ ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ በአፋቸው እፍ እፍ ብለውባታል። የምጠቀምባት እኔ ስለሆንኩ ሞዴል ፳፪ በሚባለው የንብረት መረከቢያ ቅጽ በሦስት ኮፒ ስፈርም፣ እመቤቴ ይህ ሁሉ ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ ልጄ ቁጥር ያለው ነገር አይጠፋም፣ ቁጥር የሌለው ሲጠፋ ግን ማን ይጠየቃል አሉኝ። ያን ቀን እንደ ተራ ነገር ሰምቼ አለፍኩት።

፫. ስለ መዘጋቱ።

ራሟን በሁለተኛው መሰኪያ ሰካኋት። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ካርታው ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፣ ደስ አለኝ። ደስታውን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስላልመጣ። ሃያ ደቂቃ ሳልሠራ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ብከፍተው ተከፈተ፤ ሴቭ ስለው ጠፋ። በሐምሌ ወር ብቻ አርባ ስድስት ጊዜ ጠፍቷል፤ የጠፋበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ይዣለሁ። አንዳንድ ቀን ጭራሽ አልነሣም ብሎ ሦስት ጊዜ ጢጥ ይልና ዝም ይላል። እኔም ቀኑንና ሰዓቱን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

፬. ስለ ባለሙያዎ።

የተመደበልን የድጋፍ ባለሙያ፣ ሁሉም ሰው ጆሲ የሚለው አቶ ዮሴፍ፣ ስልኬን ባነሳ ቁጥር ስላሳየኝ ትሕትና አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ዘግተሽ ክፈቺው አለኝ። ጌታው፣ እሱ ራሱ እየተዘጋ እኮ ነው የተቸገርኩት ብዬ ብነግረው፣ እንግዲያው ከፍተሽ ዝጊው አለኝ። ቀጥሎ የጥገና መጠየቂያ ቅጽ እንድሞላ ላከልኝ። ቅጹ ላይ «የዕቃው ማርክ» የሚል ቦታ አለ። ኮምፒውተሬ ማርክ የላትም፤ እኛው ነን የገጠምናት ብዬ ብጽፍ፣ ማርክ የሌለው ኮምፒውተር በሥርዓቱ አይታወቅም ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ ማርክ በሚለው ቦታ «ኤልቤቴል» ብዬ ጻፍኩ። ተቀባይነት አገኘ። እግዜር ይስጥልኝ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጆሲ በአካል መጣ። እዚህ ላይ ስለ ዳንቴሉ ልነግርዎት ግድ ነው። እናቴ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ የብርጭቆ መደርደሪያ፣ ብቻ አቧራ ሊያርፍበት የሚችል ነገር ሁሉ ራቁቱን ሲቀመጥ አትወድም። ኮምፒውተሩን የገጠምኩ ጊዜ ዲላ ድረስ መጥታ ኬዙን በክር ለክታ ሄደች፤ በሁለተኛው ወር ጠርዙ ቢጫ የሆነ ነጭ ዳንቴል ሠርታ ላከችልኝ። ሥራ ስጀምር አነሳዋለሁ፣ ስጨርስ አለብሰዋለሁ፤ ሦስት ዓመት እንዲሁ ነው የኖርነው። ጆሲ የመጣ ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኮምፒውተሩ ተዘግቶ፣ ዳንቴሉን ለብሶ ነው የደረሰበት። ኬዙን አልከፈተውም። ዳንቴሉን ግን በሦስት በኩል ፎቶ አነሣው። በሳምንቱ ለማኅበሩ የደረሰው የቴክኒክ ሪፖርት አንድ ገጽ ነበር፤ ዋናው ነገር ያለው ባንዲት መስመር ላይ ነው፦ «የብልሽቱ መንስኤ፦ ተጠቃሚዋ መሣሪያውን በዳንቴል በመሸፈን አየር ማሳጣቷ።»

አቶ አማኑ ሪፖርቱን በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ጮክ ብለው አነበቡት። እናቴ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማታ ደውላ፣ ልጄ እኔ ነኝ እንዴ ያበላሸሁት፣ የሁለት መቶ ሰው ሥራ ነው እኮ ያበላሸሁት አለችኝ። አይደለም እማዬ ብላት አላመነችኝም። የመንግሥት ወረቀት ነው፣ ማኅተም አለበት አለችኝ።

፭. ስለ ፍተሻው።

ጳጉሜን ሙሉ ሱቄን ዘግቼ ከአሚን ጋር ተቀመጥን። ሰው የሚሠራው እንዲህ ነው ለማለት ሳይሆን፣ ሌላ የተቸገረ ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። መብራቱ ይሆናል ብለን የአሚንን ስታብላይዘር አመጣን፤ ጠፋ። ፕሮግራሙ ይሆናል ብለን ፎርማት አድርገን እንደ አዲስ ጫንን፤ ጠፋ። ሙቀት ይሆናል ብለን የኬዙን ጎን ፈትተን ከውጭ ቬንትሌተር አዞርንበት፤ ጠፋ። ዳንቴሉ በዚያን ጊዜ ኮንጋ ነበር፤ እናቴ ላኪልኝ ብላ ወስዳዋለች። በመጨረሻ አሚን ሁለቱንም ራም አወጣና፣ አንድ በአንድ እንሞክራቸው ኤሊ አለ። የድሮዋን ብቻዋን ሰካናት፤ በሁለቱም መሰኪያ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ሠራች። የእርስዎን ብቻዋን ሰካናት፤ ሦስት ጊዜ ጢጥ። ነቅለን መልሰን ሰካናት፣ እንደምንም ተነሣች፤ የራም መፈተሻ ፕሮግራሙን ብናስነሣ ስክሪኑ በቀይ የስሕተት መስመር ሞላ።

አሚን ራሟን ወደ መስኮቱ ይዟት ሄደ። ራም በግርጌዋ በኩል ወርቃማ ጥርሶች አሏት፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የምትነጋገረው በእነሱ ነው። ከወይዘሮ ሥርጉት አሥራ ዘጠኝ ፊደላት መካከል የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ቦታ አጥሯቸው ወደ ታች ወርደው፣ ሰባት ጥርሶች ላይ ደርቀዋል። ቀለሙ በሳሳበት ትገናኛለች፣ በወፈረበት አትገናኝም፤ ሲሞቅ ይለያል፣ ሲበርድ ይለያል። አሚን ዘወር ብሎ አየኝና፣ ኤሊዬ፣ ቀለም ቀብተዋት ነው እኮ አለኝ። ሁለታችንም መሳቅ ነበረብን። አልሳቅንም።

፮. ስለ ፈቃዱ።

ለዚህ መድኃኒቱ የተማሪ ላጲስ ነው። ጥርሶቹን በላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጎ መልሶ መሰካት ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን በሞዴል ፳፪ የፈረምኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ወይዘሮ ሥርጉት ዘንድ ሄጄ ባስረዳቸው፣ የመንግሥት ንብረት መለያ መፋቅ ያስጠይቃል፣ እኔም አንቺም እንታሠራለን፣ በጽሑፍ አቅርቢ አሉኝ። ራሟን አውጥቼ ብመልስስ ብል፣ ከኮምፒውተሩ ውጭ ከተገኘች ድጋፉ ሥራ ላይ አልዋለም ተብሎ ማኅበሩ ከዝርዝር ይሰረዛል አሉኝ። በመስከረም ሦስት በጽሑፍ አቀረብኩ። አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋሙልኝ። ሰብሳቢው ሥልጠና ላይ ነበሩ፣ ጸሐፊዋ ወሊድ ላይ ነበሩ። ቁጥሩን ከፊል የመፋቅ ፈቃድ፣ ማኅተም አርፎበት በጥቅምት አሥራ ሁለት ደርሶኛል። የካርታው ማስገቢያ የመጨረሻ ቀን መስከረም ሃያ ስምንት ነበር።

ፈቃዱን ፍሬም አድርጌ ልሰቅለው አስቤ ነበር፤ ሚስማር ለመምታት ሰለቸኝ።

፯. ስለ ጥፋቴ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ራሴ እናዘዛለሁ። መስከረም ሃያ አምስት፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፈቃድ ሳልጠብቅ ላጲስ ገዝቼ ጥርሶቹን አጸዳሁ። ኮምፒውተሩ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። በሁለት ቀን ውስጥ የሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ማሳ አጠቃልዬ፣ አንዱ እንዳይጎድል ሁለት ሁለት ጊዜ አየሁ። የቀረኝ አንድ ሰው ነበር፤ እናቴ።

እናቴን ለምን መጨረሻ ላይ እንዳስቀረኋት፣ የእኛን አገር ሰው ይጠይቁ። ለሰፈር ሥራ የተመረጠ ሰው የራሱን ቤተሰብ አያስቀድምም። የእናቷን አስቀድማ ሠራች እንዳይሉኝ፣ ማሳዋን የዞርኩት ከሁሉ በኋላ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያስገባሁትም ከሁሉ በኋላ፣ በሐምሌ፣ ራሟ ከገባች በኋላ ነው። ሌሎቹ በደህናው ዘመን የተቀመጡ ናቸው። የእሷ ግን ኮምፒውተሩ ሴቭ እያደረገ ሳለ ከጠፋባቸው ከአርባ ስድስቱ ጊዜያት ባንዱ ተበላሽቷል። ፋይሉን ስከፍተው ስሟ አለ፣ የአባቷ ስም አለ፣ ማሳው የለም። ባዶ ነጭ ነው። ስልኬ ሞልቶ ስለነበር እዚያ ያለውን አጥፍቼዋለሁ፤ ፍላሽ ላይ የገለበጥኩትም የተበላሸውን ነው።

የሌሎቹ እንዳይዘገይ ብዬ ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን መስከረም ሃያ ሰባት አስገባሁ። ጆሲንም አንድ ሰው ቀርታኛለች ብዬ ለመንኩት፤ ነገ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ካመጣሽ እጨምርልሻለሁ አለኝ፣ ለዚህም አመሰግናለሁ። ሃያ ስምንት ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በሞተር ኮንጋ ወረድኩ። ዝናብ ነበር፤ ሞተሩ ሁለት ቦታ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከፊት ከፊቴ እየሄደች ማሳዋን አዞረችኝ። ይህ ብርብራ አባትሽ የተከለው ነው፣ ይህ ዋንዛ አንቺ የተወለድሽ ዓመት ነው፣ ይህን እንሰት ዘንድሮ አልነካውም አለችኝ። ወሰኑን ምልክት ሳታይ ታውቀዋለች። ቡናዋ ከዛፎቹ ሥር ነው፤ ቀላ ቀላ ማለት ጀምሯል። ስጨርስ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ አሁን ዳንቴሉ አያበላሸውም አይደል አለችኝ።

ዲላ የደረስኩት አሥራ አንድ ከሃያ አምስት ነው። ጥበቃው ሰዓት አልፏል አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ጆሲ፣ ዝርዝሩ እኮ ተዘግቷል እህቴ፣ የሚከፈተው ለሚቀጥለው ዓመት ነው፣ አንድ ሰው እኮ ናት አለኝ። እውነት ነው፤ አንድ ሰው ናት።

፰. ስለ ካርታው።

የታተመው ካርታ በጣም ያምራል። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። የሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ማሳ በቢጫ ተለይቶ ይታያል። የእናቴ ቦታ አረንጓዴ ነው። እኛ ቡናችንን ከትልልቅ ዛፍ ሥር ስለምንተክል፣ ከሰማይ ሲያዩት ማሳ ያልተመዘገበበት ቦታ ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሆኖ ነው የሚታየው፤ በካርታው ግርጌም የአረንጓዴው ትርጉም «ደን፣ ሰው ያልሰፈረበት» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ እዚያ ቦታ ላይ በሙሽርነት ከገባች አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ስድስት ልጅ ወልዳበታለች፣ ሁለቱን ቀብራበታለች፣ አባቴንም ቀብራበታለች።

በጥቅምት መጨረሻ እሸቷን ለቅማ ወደ ማጠቢያው ወሰደች። መዝጋቢዋ ማርቲ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ስሟን ዝርዝሩ ላይ ፈልጋ አጣችው። እማማ መንበረ ይቅርታ፣ ስምዎ የለም ብላ እያለቀሰች መለሰቻት። እናቴ እሸቷን መልሳ ተሸክማ ሄደች። በኅዳር ደግሞ ከጽሕፈት ቤትዎ ለቀበሌው የደረሰው ደብዳቤ፣ በካርታው ላይ አረንጓዴ በሆኑት ቦታዎች ማንም ሰው ገብቶ እንዳይለቅም፣ እንዳይቆርጥና እንዳይኖር የሚያሳስብ ነው። የቀበሌው ሰው በአረንጓዴው ላይ ደብዳቤውን የሚሰጥበት ሌላ ቤት ስላልነበረ፣ እናቴ ቤት አምጥቶ ለእናቴ ሰጣት። አንብብልኝ ብላው አነበበላት። ታዲያ እኔ የት ነኝ አለችው።

ክቡር ሆይ፣ ብዙ ነገር መጠየቅ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ካርታው ዘንድሮ እንደማይከፈት ተነግሮኛል፣ ተቀብያለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢሆን ጥፋቱ የዳንቴሏ ነው ብላ ታምናለች። ዳንቴሉን ተርትራዋለች፤ ነጩን ክር ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ ጠቅልላ ከመሶቡ ሥር አስቀምጣዋለች። ለዚያ ትልቅ ሰው ደብዳቤ የምትጽፊ ከሆነ ይቅርታ በይልኝ፣ ሳላውቅ ነው በይልኝ ብላኛለች። እነሆ መልእክቷን አድርሻለሁ። እንግዲህ በዚያ ባለ አንድ ገጽ ሪፖርት ላይ፣ «ዳንቴል» ከሚለው ቃል ጎን ላይ «አይደለም» የሚል ጽፈውበት፣ ማኅተም አድርገው ቢልኩልኝ፣ ሄጄ አነብላታለሁ። ከእኔ አፍ አላመነችም፤ ማኅተም ግን ታምናለች።

ስለ ሰጡን ራም፣ ስለ ትሪው፣ ስለ ቀይ ጨርቁ፣ ስለ አርባ ደቂቃው ንግግር፣ ስለ አምስቱ የኮሚቴ አባላት ድካምና ስለ ሦስቱ የዳንቴል ፎቶግራፎች በሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰዎችና ካርታ ላይ በሌለች በአንዲት ሴት ስም ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ከዝቅተኛዋ ወንበሬ ተነሥቼ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የድጋፍዎ ተጠቃሚ፣
ኤልቤቴል ጅግሶ
ማርክ፦ ኤልቤቴል

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል፣
ለኮሚቴው፣ ሰብሳቢው ከሥልጠና ከተመለሱ፣
ለኮንጋ ገበሬዎች ማኅበር ማስታወቂያ ሰሌዳ።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ባለፈው ማክሰኞ የንብረት ቆጠራ ቡድንዎ በመኪና መጥቶ ነበር። ሦስት ናቸው፤ ኬዙን አስከፍተው፣ በባትሪ አብርተው ቁጥሩን አነበቡና፣ ራሟ «በቦታዋ ተገኝታለች» ብለው ምልክት አደረጉ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት ግርጌያቸው ስለተፋቀ ማብራሪያ በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘውኛል፤ ማብራሪያዬ ይኸው ነው። ሲወጡ ግን ወይዘሮ ሥርጉት ያሉኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ቁጥር ያለው ነገር አይጠፋም። ስለዚህ ከዚያ ቀይ ቀለም የተረፈ ካለ፣ ወይዘሮ ሥርጉትን ከነብሩሻቸው ለግማሽ ቀን ኮንጋ ድረስ እንዲልኩልን በትሕትና እጠይቃለሁ። እናቴን አስፈቅጃታለሁ፤ እሺ ብላለች። በሩ ላይ ነው ወይስ ግንባሬ ላይ የሚጽፉት ብላ ብቻ ጠይቃኛለች።